አሺል የዘራው ጎመን

አሺል ውርጭ ባነጣው አፈር ላይ ተንበርክኮ፣ ከግንዱ ሥር ያለችውን የመጀመሪያዋን የብራስልስ ጎመን ፍሬ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርጋታል። ቀጭ ብላ ትወልቃለች። ከሎሚ ታንሳለች፤ ቅጠሏ በቅጠል ላይ ጥቅልል ብሏል።

«ንኪያት እስቲ፣ ጎድሊቭ። ድንጋይ እኮ ናት!»

«ከዘር ያወጣሃት አንተ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ» ትላለች ሚስቱ፣ ቅርጫቱን እንደያዘች።

እውነቷን ነው። በቤልጂየሟ ጌንት ከተማ ትራም ሲነዳ አርጅቶ ጡረታ የወጣው ይህ ሰው፣ በረዶው ሊለቅ ሲል የሳሎኑን መስኮት በችግኝ ጣሳ ሞልቶ መጋረጃ እንዳትዘጋ ከልክሏት ነበር። ቡቃያው ሲጠና ጓሮ አወረደው። ሥሩ እንዳይነቃነቅ አፈሩን በቦት ጫማው ሲረግጥ ያየው ጎረቤታቸው ፍሎሪሞን፣ «ጎመን እየተከልክ ነው ወይስ ሰው እየቀበርክ?» ብሎ ሳቀበት። ርግቡን በመረብ፣ ንፋሱን በካስማ ተከላከለ። ይኸው አሁን የብራስልስ ጎመኑ ወገብ ደርሷል፤ ግንዱ ከታች እስከ ላይ ፍሬ በፍሬ ነው።

ጎድሊቭን የሚያሳዝናት፣ የለፋበትን አለማጣጣሙ ነው። አምና የሳንባ ምች አስተኝቶት ከተነሣ ወዲህ ምላሱም አፍንጫውም ምንም አይነግሩትም። መጀመሪያ «እንደ ካርቶን ነው» ይል ነበር። በኋላ እሱንም ተወው፤ የቀረበለትን በልቶ፣ አመስግኖ ይነሣል። ያ ምስጋና ነው አንጀቷን የሚበላት። እሷም ወጥ ቤት ገብታ መጠበቧን ቀስ በቀስ ተወች።

አሺል የላይኛውን ቅጠል ላጥ አድርጎ ጥሬዋን ይገምጣል።

«ሳትታጠብ?»

«ውርጩ አጥቧታል» ይላል እያኘከ። ከዚያ ማኘኩን ያቆማል። ፊቱ ጭምድድ ይላል።

«ምነው? ትል አለባት?»

«ጎድሊቭ።»

«አቤት።»

«ትመራለች።»

ቅርጫቱ ከእጇ ይወድቃል። «ምን አልክ?»

«ትመራለች እኮ ነው የምልሽ! ኋላ ላይ ደግሞ ጣፈጥ ትላለች!» ሌላ ይቀጥፋል፤ ይገምጣል። «ይቺም ትመራለች!»

ፍሎሪሞን ባጥሩ ላይ ብቅ ይላል። «መራራ ጎመን አበቀልኩ ብሎ የሚጨፍር ገበሬ ዛሬ ገና አየሁ!»

አሺል አይሰማውም። አፈር የያዘ ቦቱን እንዳደረገ ወጥ ቤት ይገባል። ጎድሊቭም የወለወለችውን ወለል ረስታ ትከተለዋለች። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ የትናንቱን የባሮ ሽንኩርት ሾርባ ያወጣል፤ ቀዝቃዛውን በጭልፋ ፉት ይላል። ዓይኑን ይጨፍናል።

ጎድሊቭ ፊቱን እያየች ትጠብቃለች።

«አንቺ ሴትዮ» ይላል ቀስ ብሎ፣ «ጨው የለውም እኮ!»

አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ ለራሷም አልለየላትም። «የለውም። ለማን ብዬ ልጨምር?»

«ይሄን ነዋ ስታበይኝ የከረምሽው!»

«ይሄን ነው!»

ጨውን ከመደርደሪያው ታወርዳለች። ስትቸኩል ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። አሺል ጎንበስ ብሎ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ጨውን በጣቱ እየነካ ይልሳል።