ሁለት ሯጭ፣ አንድ ኳስ

ሁለቱም ያዟት፣ ሁለቱም ጎተቷት፤ ኳሷም ለአንዳቸውም ሳትሆን እንደ እርጥብ ሳሙና ተስፈንጥራ ሣሩ ላይ ወደቀች። ከፊታቸው መንገድ የሚከፍትላቸው ግዙፉ ኮዋልስኪ ባይዘረርባት ኖሮ ጨዋታው እዚያው ባበቃ ነበር። በዚህ የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ እንግዶቹ በአራት ነጥብ ይመራሉ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ሲሆን፣ ኳሷን ይዘው ከተሻገሩት ስድስት ነጥብ የሚያገኙበት መስመር ደግሞ አፍንጫቸው ሥር ነው።

"ለቀቅ ብታደርጋት ምን ነበረበት?" አለ ሯጩ ዳሪየስ፣ የራስ ቁሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ።

"ራሴ ልሮጥባት ነበር እኮ" አለ ኪፕ። ኳስ አከፋፋዩ እሱ ነው።

"እሱንማ አውቃለሁ። አከፋፋይ ብለው ሾሙህ፤ አንተ ለራስህ ብቻ ታከፋፍላለህ።"

ኮዋልስኪ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ ሳቀ። ኪፕም ሳቁ ሊያመልጠው ነበር፤ ግን ነገሩ እውነት ስለሆነ ቆጠቆጠው። ዳሪየስ ተመራቂ ነው፤ በዚህ ሣር ላይ ከዛሬ ወዲያ አይጫወትም። ጠዋት ተመራቂዎቹ ከነቤተሰባቸው ሜዳ ወጥተው ሲጨበጨብላቸው፣ እናቱ ኪፕን ጎትተው አቅፈው "ዛሬ እንኳ ኳሷን አሳየው እንጂ፣ የኔ ልጅ" ብለውት ነበር።

ኮች ሃልቮርሰን የመጨረሻዋን እረፍት ጠይቀው ወደ ሜዳው ጠርዝ ጠሯቸው። የሱፍ ፍሬ ቅርፊት እንትፍ አሉና፣ "ያንኑ ስልት እንደግመዋለን" አሉ።

"ያንኑ?" አለ ኪፕ።

"ያንኑ። ኳሷን ዳሪየስ ሆድ ላይ አስደገፍካት። ዓይንህ የት ነው?"

"ጥግ ላይ ያለው ተከላካይ ላይ።"

"እሱ ወደ ዳሪየስ ከገባ?"

"ነጥቄ በጎን እሮጣለሁ።"

"ቆሞ አንተን ከጠበቀስ?"

"ለዳሪየስ እተዋለሁ።"

"መልሱንማ ታውቀዋለህ። ያልሰማው እጅህ ነው።"

ወደ ሜዳው ሲመለሱ ዳሪየስ ትከሻውን በትከሻው ገፋ አደረገው። "ስማ፣ ብትነጥቀኝም አልቀየምህም። የምትሰጠኝ ከሆነ ስጠኝ፣ የማትሰጠኝ ከሆነ ውሰድ። ብቻ እንደ ሕፃን አታባብለኝ።"

"ዝም ብለህ ሩጥ።"

"በምን? በባዶ እጄ?"

ተሰለፉ። ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከታጨደው የበቆሎ ማሳ የሚመጣው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል። ኪፕ ጮኸ፤ ኮዋልስኪ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ላካት፤ ዳሪየስ አጎንብሶ መጣ። ኪፕ ኳሷን ሆዱ ላይ አስደገፋትና ዓይኑን ወደ ጥጉ ወረወረ።

ረጅሙ ተከላካይ ንቅንቅ አላለም። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ኪፕን ብቻ ያያል። ለምን አያይም? የውድድር ዘመኑን ሙሉ ኳሷ የት እንደምትቀር አገር ያውቃል።

አልፈዋለሁ፣ አለ ኪፕ በልቡ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብሎ ነበር፣ ከዚያ በፊትም። አንዳንዴ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ጎድኑን ይዞ ይነሳል። መሮጥ ይወዳል፣ ሰው ጥሎ ማለፍ ይወዳል፤ ኳሷን ለሰው ሲሰጥ ደግሞ የሆነ ነገር ከሆዱ ውስጥ ይጎድልበታል። የዳሪየስ ክንዶች ኳሷ ላይ መከደን ጀመሩ።

ጣቶቹን ከፈተ።

ከዚያ ኳሷን የያዘ መስሎ ባዶ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ጎን ተፈተለከ፤ ሌባ ቢያየው ይከተለዋል። ረጅሙ ተከላካይ አፈፍ አድርጎ አነሳውና ከመሬት ጋር አላተመው። ሌላ አንድ ደግሞ መጥቶ ከላይ ተደረበ። ኪፕ ትንፋሽ አጥሮት፣ አፉ ሣር ይዞ፣ እንዲህ ደስ ብሎት ወድቆ አያውቅም።

ከላይ ያለው ሰውዬ እጁን ከሆዱ ሥር ሰዶ ይደባብስ ጀመር።

"የታለች?"

"የለችም።"

"እንዴት የለችም?"

"ሰጠኋት።"

ሰውዬው መደባበሱን ተወ። ኪፕ ከተጋደመበት የሚታየው ሣርና የሰው ካልሲ ብቻ ነው። ግን መቀመጫዎቹ በእግር ሲደበደቡ መሬቱ ከደረቱ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ሕዝቡም አንድ ስም ይጠራ ጀመር፤ የኪፕ አይደለም። ኪፕ ሣሩን ከአፉ ተፍቶ፣ ሁለት ሰው እንደተጫነው፣ አብሯቸው ጠራው።