የዶክተሩ ቁርጠት

የክሊኒካችን ባለቤት የሆኑት ዶክተር ዛሬ ረፋድ ላይ ሆዳቸውን የቆረጣቸው መሆኑን ለመላው ሠራተኛ የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው።

እምብርታቸው ዙሪያ የጀመረው ሕመም ወደ ቀኝ ታች ወርዶ ያስመልሳቸው ጀመር። የላቦራቶሪ ባለሙያው እንደ ልማዱ ደም ቀዳና፣ ለሆድ ሕመምተኛ ሁሉ የሚሰጠውን ውጤት ሰጣቸው።

"ታይፎይድ ነው፣ ዶክተር።"

"ታይፎይድ ይድፋህ! ትርፍ አንጀቴ ነው። ሳይፈነዳ ሆስፒታል አድርሱኝ!"

ሲስተር ወይንሸት ደግፋ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው።

"ዶክተር፣ ትናንት ታይፎይድ ነው ያሏት ልጅስ? እሷም እንደ እርስዎ ቀኝ ጎኗን ይዛ እያስመለሳት ነው። መኪናው እኮ ቦታ አለው፤ አብራችሁ ብትሄዱስ?"

"እሷ የታይፎይድ መርፌዋን ትጨርስ።"

"እንዴት? ለምን?"

"ማብራሪያ አልሰጥም፣ ሲስተር። በሩን ዝጊው።"