ጆሮ ላይ ያለው የማያውቀው

ሰው ሁሉ መልስ የሚነግረውን መሣሪያ በጆሮው ከሰካ ወዲህ፣ በወይዘሮ የትናየት ቤት አንዱ ሌላውን መጠየቅ ትቶ ነበር። ምሳ እንኳ የሚበላው በዝምታ ነው።

አንድ እሑድ ግን ልጇ ህሊና መሣሪያዋን አውልቃ፣ «እማዬ፣ እኔን ስትወልጂ ምን ፈርተሽ ነበር?» አለቻት።

«መሣሪያሽን አትጠይቂውም?»

«እሱ አያውቅም። መምህራችን ‹እሱ የማያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ እስኪጨርስም አዳምጡ› ብለውናል። የዘንድሮ ትምህርታችን ይኸው ነው።»

የትናየት እንጀራውን ተወችው። «እናቴ የሞተችው እኔን ስትወልድ ነው። እኔም መልክሽን ሳላይ እንዳልሞት ፈርቼ ነበር» አለች። ባሏም ይህን ሰምቶ አያውቅም። ወሬው ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት የትናየት መምህሩን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አለች፤ «ልጄን ከእኔ ጋር አስተዋወቁልኝ።»