ትልቁ ፓሌት

ሐኪሙ ውጤቱን ለመንገር እቴነሽን ብቻ ወደ ውስጥ ጠርቷት ነበር። ስትወጣ ታናሽ እህቷን ትርሲትን «ያለብሽ ደም ማነስ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» አለቻት።

ትርሲት በደስታ መዋቢያ መደብር ካልገባን አለች። ለኩልና ለቀለም የሚወጣ ገንዘብ የሚያንገበግባት እቴነሽ፣ ዛሬ ሳትነጫነጭ ተከትላት ገባች።

ትርሲት ትልቁን የአይሻዶ ፓሌት፣ የዓይን ቆብ መቀቢያ ቀለሞች የተደረደሩበትን ሣጥን፣ ከፍታ አየችው። ቀለሙ ብዙ ነው፤ እሷ ግን ቡናማና ወርቃማ እንጂ ሌላ ተቀብታ አታውቅም።

«ይሄ ምን ያህል ይቆያል?» ብላ ሻጯን ጠየቀቻት።

«በየቀኑ ብትቀቢው እንኳ ሁለት ዓመት ያስኬድሻል።»

«በዛብኝ። ትንሹን ብወስድ ይሻላል መሰለኝ።»

እቴነሽ ፓሌቱን ተቀበለቻት። አረንጓዴውን በጣቷ ነክታ የራሷን የዓይን ቆብ ቀባችና በመስታወቱ ግራና ቀኝ ተገላብጣ አየች። ትርሲት ሳቀች፤ እህቷ ስትኳኳል አይታት አታውቅም።

«ትልቁን ውሰጂ፤ ይሄ ቀለም ለእኔም ይሄዳል» አለች እቴነሽ ከመስታወቱ ሳትዞር። «የሚተርፈውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

የትርሲት ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እቴነሽ፣ ሐኪሙ ምንድን ነው ያለሽ?»

እቴነሽ ወደ ሻጯ ዞረች።

«መጨረሻው ስንት ነው?»