ሰማንያ ቀን ያልሞላት

«ቆዩ!» አሉ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ጉድጓዱን መቆፈር የጀመሩትን ሰዎች በእጃቸው እያስቆሙ። «መጀመሪያ ይጠየቅ። ማን ነው ያጠመቃት?»

ሶፊ ይህን የሰማችው ከግቢው በር ውጭ ሆና ነው። አራስ ናት፤ ሴት ልጅ የወለደች ደግሞ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎረቤቷ ቱሪያ ከሳቢያን ሰፈር ይዛት በመጣችው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች። ትልቁ በር ግን ወለል ብሎ ስለተከፈተ ሁሉንም ታያለች። ባሏ ኃይለየሱስ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለች ልጃቸውን አቅፎ ቆሟል። ንጋት ላይ ነው ያረፈችው። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ሬሳ አታስቆይም፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ልጅቷ መቀበር አለባት።

«እኔ ነኝ ያጠመቅኳት» አለ ሣህሉ። የሶፊ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚሁ ደብር ዲያቆን ሆኖ ያገለግላል። «ሐኪሞቹ ከማሞቂያው አውጥተው ‹ተሰናበቷት› ብለው ሰጡን። ቄስ እስኪመጣ የምትቆይ አልነበረችም። ውሃ አስመጣሁና በሥላሴ ስም አጠመቅኳት።»

«ዲያቆን አያጠምቅም» አሉ አስተዳዳሪው። «ማጥመቅ የቄስ ሥልጣን ነው። ልጅቷ አልተጠመቀችም ማለት ነው። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም፣ ከክርስቲያን መቃብርም አይገባም። ከግንቡ ጀርባ ቅበሯት።»

«አባታችን፣ በጭንቅ ጊዜ ይፈቀዳል የሚሉ መምህራን አሉ እኮ። እኔም ብሆን በገዛ ራሴ አላደረግኩትም፤ አስፈቅጄ ነው።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

ሣህሉ ዞሮ መምሬ አድማሱን አያቸው። ሶፊም እፎይ አለች።

መምሬ አድማሱ የነፍስ አባቷ ናቸው። ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ሁሉ ለእሳቸው ነግራቸዋለች። የቤቷን ጠላ ስለሚወዱ በዝክር በዝክሩ «እስቲ ድገሚኝ» እያሉ ሲያስቀዱ፣ እሷም ደስ እያላት ስትቀዳ ኖራለች። ሌሊት ከሆስፒታሉ ኮሪደር የተደወለላቸውም በእሷ ስልክ ነው። ድምፁን ከፍታ ለሣህሉ የያዘችለት ራሷ ናት። «አጥምቃት ልጄ» ብለዋል መምሬ። «የጨነቀ ለት መንፈስ ቅዱስ ማዕረግ አይጠይቅም። ለሚመጣው ሁሉ እኔ አለሁ።» ይህን በጆሮዋ ሰምታለች።

«እውነት ነው መምሬ?» አሉ አስተዳዳሪው።

መምሬ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያልተጣመመውን ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«መደወሉን ደውሏል» አሉ። «እኔ ግን በርቱ፣ ጸልዩ ነው ያልኩት። አጥምቅ ብዬ አላዘዝኩም።»

ሶፊ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰላት።

«መምሬ!» ብላ ጮኸች ከባጃጁ ውስጥ። «በእኔ ስልክ አይደለም ያወሩት? እኔው አልሰማሁም?»

መምሬ ዞር አላሉም።

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ተረጋጊ» አሉ አስተዳዳሪው። ወደ ሣህሉም መለስ ብለው «ያንተን የክህነት ነገር ጉባኤ ያየዋል» አሉት። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አንስተው ወጡ። ኃይለየሱስ ልጁን ወደ ደረቱ አጥብቆ፣ ሣህሉም አንገቱን ደፍቶ ተከተሏቸው።

«ያ ረቢ!» አለች ቱሪያ፣ የሶፊን እጅ ጭምቅ አድርጋ። «የእናንተን ሕግ እኔ አላውቅም፣ ሶፊዬ። ግን አቦ፣ ቃል የሰጠ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ወላሂ ደግ አይደለም።»

ሰዉ ሲበተን መምሬ አድማሱ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ባጃጁ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አትቀየሚኝ ልጄ። አስተዳዳሪው አዲስ ናቸው፣ ጥብቅ ናቸው። ዲያቆን እንዲያጠምቅ ፈቀደ ከተባልኩ ‹ተሐድሶ ነው፣ መናፍቅ ነው› ብለው ያስወጡኛል። በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ?» ጎንበስ አሉ። «አይዞሽ ግን። ወለተ ጊዮርጊስን በጸሎቴ አልረሳትም።»

ሶፊ ቀና አለች።

ወለተ ጊዮርጊስ። የልጇ የክርስትና ስም ነው፤ ሌሊት በዚያው ስልክ ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ዛሬ በዚህ ግቢ ማንም አልጠራውም። ያልተጠመቀ ደግሞ የክርስትና ስም የለውም።

«እርስዎም መጠመቋን ያምናሉ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነው። «እንግዲያው ወደ ግቢው ይዙሩና ስሟን ጮክ ብለው ይጥሩልኝ። አፈር ሳትገባ። አንዴ ብቻ።»

አስተዳዳሪው ገና በሩ ላይ ቆመዋል። መምሬ አዩዋቸው፣ መልሰው ሶፊን አዩ፤ የእጅ መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና አንገቷ ሳታዘው ጎንበስ አለ። መስቀሉ ግንባሯን ነካት፣ አፏን ነካት፤ ተሳለመችው።

ከግንቡ ጀርባ ዶማው ደረቁን መሬት መምታት ጀመረ። ሶፊ የነጠላዋን ጫፍ አነሳች፤ መምሬ ዓይን ዓይኗን እያዩ ከንፈሯን ጠረገችው።