ድቡ ለሥራ ሄደ

ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረረች። ልጇ ሶልያና እናቷ በልጅነቷ ትወደው የነበረውን የካርቱን ፊልም ከኢንተርኔት ፈልጋ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችላት። የእናትየዋ አክስት እትዬ የሺመቤት ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ሥዕሉ ሲያስጠላ!» አለች ሶልያና። «ዘፈኑ ካቆመም በኋላ አፋቸው ይንቀሳቀሳል።»

«እሱስ ይሁን» አለች እናቷ። «ታሪኩ ራሱ አይገጥምም። አባት ድብ ለሥራ ወንዝ ማዶ ይሄዳል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አይመለስም። የሠሩት ሰዎች ረስተውታል መሰለኝ። ግን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ድቦቹ ተሰብስበው መዝፈን ጀመሩ። እሷም ዓይኗን ጨፍና አብራቸው አንጎራጎረች።

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት። «እማ፣ ሞቶ እኮ ነው። ወንዙ ወሰደው። ይሄም ዘፈን አይደለም፣ ልቅሶ ነው። እንግሊዝኛውን አትሰሚም?»

እናትየዋ ማንጎራጎሯን አቆመች። በሰባት ዓመቷ ፊልሙን እየተረጎሙ ያሳዩዋት እትዬ የሺመቤት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሴት።

«እትዬ፣ ለሥራ ሄደ ብለውኝ አልነበር?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

«የአባትሽ ሬሳ ከሆስፒታል የመጣ ዕለት ነው» አሉ። «መርዶው እስኪነገራት ጎረቤት ቤት ያዣት አሉኝ። ድንኳን ሲተክሉ እንዳትሰሚ ያገኘሁትን ካሴት ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩልሽ። ድቡ እንደሚሞት በምን ልወቅ?»