ሩፈስ የሚሸከመው

ታንሲን ሚዛኑ ላይ ከማውጣቴ በፊት ጫማዋን አወልቃለሁ፤ ጃኬቷን፣ ቀበቶዋንም፤ ኪሷ ውስጥ ያጠራቀመችውን ጠጠር ሁሉ አራግፋለሁ። ቁርስ አላበላኋትም። ትናንት ማታም የሰጠኋት ሾርባ ብቻ ነው። ልጇን የምታስርብ እናት አለች ቢሉኝ ምን እንደምላት አውቃለሁ፤ ግን እኔው ነኝ።

ቬርና ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ታነባለች። የፈረሶቹ ባለቤት እሷ ናት፤ እንደ ታንሲ ያሉትን ልጆች ፈረስ ላይ አስቀምጣ ገመዱን የምትስበውም እሷው።

«መቶ ሃምሳ ስምንት» ትላለች። የታንሲ ፈረስ ሩፈስ ከመቶ ሃምሳ ፓውንድ በላይ እንዳይሸከም የእንስሳት ሐኪሙ ከልክሏል።

«ሱሪዋ ወፍራም ነው።»

«ስምንት ፓውንድ የሚመዝን ሱሪ የት አየሽ?»

«የመኖ ሚዛን እኮ ነው! ድሮም ይዋሻል።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኝ ዝም አልኩ። የሩፈስ ጀርባ አብጦ ሁለት ሳምንት ከረመ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰው ቢሆን ይሄኔ ጡረታ ወጥቶ ካርታ ይጫወት ነበር።»

«ሌላው ፈረስስ?»

«እሱ ደንባራ ነው፣ ልጅ አላስቀምጥበትም። ሚዙላ ከተማ እንዲህ ያለ ፈረስ ያላቸውንም ጠይቄልሻለሁ። ወረፋው ሦስት ዓመት ነው አሉኝ።»

ሦስት ዓመት። ታንሲ ቤት ውስጥ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። ትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ መቀመጥ አልቻለችም። ሩፈስ ላይ ግን አርባ ደቂቃ ጸጥ ትላለች። እዚህ ደንብ አለ፤ ልጁ ካልጠየቀ ፈረሱ አይንቀሳቀስም። ቬርና ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ገመዱን ይዛ ጠበቀች። አንድ ሐሙስ ታንሲ «ሂድ» አለች። ዛሬም ያላት ቃል እሱ ብቻ ነው። እኔን እንኳ እማ ብላኝ አታውቅም።

ዞር ስል ታንሲ ሚዛኑ ላይ የለችም። ሄልሜቷን አጥልቃ፣ በካልሲዋ፣ ልጆቹ ፈረስ ላይ የሚወጡበት ደረጃ ላይ ቆማለች። ሩፈስ ለሚቀጥለው ልጅ ኮርቻ ተጭኖለት አጠገቧ ታስሯል።

ቬርና ሮጣ ገመዱን ትፈታለች። «ዛሬ መሰናበት ብቻ ነው፣ የኔ ማር። ደባብሺው።»

ታንሲ አንገቱን ይዛ እግሯን ታነሳለች። ወገቧን አቅፌ እጎትታታለሁ። ከብዳለች፤ እውነትም ከብዳለች።

«ሂድ» ትላለች።

ቬርና ታየኛለች። ቃል ያወጣ ልጅ መልስ አጥቶ አይቀርም ትላለች ሁልጊዜ፤ ሠላሳ ዓመት የኖረችው በዚህ ነው።

«ምን ላድርግ?» ትለኛለች።

ታንሲን አጥብቄ እይዛለሁ።

«ሂድ!»

ቬርና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። ሩፈስ ይከተላታል። የታንሲ እጅ ከአንገቱ ይንሸራተትና አየር ላይ ይቀራል። ኮርቻው ባዶውን እየተወዛወዘ አጥሩን ይዞ ይርቃል።

ታንሲ እቅፌ ውስጥ ትታገላለች። «ሂድ! ሂድ!» እያለች ትጮኻለች። ና ማለትን ማናችንም አላስተማርናትም። በጮኸች ቁጥር ሩፈስ ጆሮውን ያቆምና እርምጃውን ያፈጥናል።